ሁለተኛው ብርሃን ሲቀድም

ሱዳን ወደሚገኘው የቱነይድባ የስደተኞች መጠለያ የሄድኩት ስለ እርዳታ እህል ልዘግብ ነበር። ሥራዬን ጨርሼ በአንዲት የትግራይ ሴት ሻይ ቤት መኪና ስጠብቅ፣ ጦርነቱ የፊዚክስ ሁለተኛ ዲግሪዋን ያቋረጠባት ወጣት ስደተኛ ስልኳን ይዛ ገባች። ውጭ አገር ያለ አንድ ዩኒቨርሲቲ በስልክ ሊፈትናት ነው። ካለፈች ትምህርቷን ትቀጥላለች። ካመለከተችባቸው ቦታዎች መልስ የሰጣት ይኸው አንዱ ብቻ ነበር።

ባለ ሻይዋ ጥግ ላይ የተቀመጡትን ሁለት ጎረምሶች አስነሣቻቸው። "ሂዱ ወደዚያ። ሸበካው የሚገባው እዚህ ብቻ ነው፣ እናንተ ተቀምጣችሁበታል።" ሸበካ የሚሉት ኔትወርኩን ነው።

ጥሪው እስኪመጣ ፈተናው ስለ ምን እንደሆነ ጠየቅኋት።

"ሦስት የኃይል ደረጃ ያለው አቶም ያስቡ፣ ጋሼ። ከአንደኛው ወደ ሦስተኛው ልናሻግረው እንፈልጋለን። መንገዱ በመካከለኛው በኩል ነው፤ መካከለኛው ላይ የወጣ አቶም ግን አይቆይም፣ ብርሃን ተፍቶ የትም ይወድቃል። ሁለት የሌዘር ብርሃኖች አሉን። አንዱ አንደኛውን ከመካከለኛው ያገናኛል፣ ሌላው መካከለኛውን ከሦስተኛው። የቱን ያስቀድማሉ?"

"የመጀመሪያውን ነዋ።"

"ከሰሩ፣ አቶሙ ጠፋብዎት" አለች እየሳቀች፣ ወደ እህል ማደያው እያሳየችኝ። "እስቲ እዚያ ይመልከቱ።"

ጠዋት ሙሉ ያየሁት ነገር ነበር። ሰዉ መጀመሪያ የአህያ ጋሪ፣ ካሮ የሚሉትን፣ ፊቱን ወደ ቤት አዙሮ በሩ ላይ ያቆማል፤ ከዚያ ነው እህሉን የሚቀበለው። እህሉን መሬት አስቀምጦ ካሮ ፍለጋ የሚሄድ ሰው ሲመለስ ፍየሎች ጆንያውን ቀደው ያገኛቸዋል። ለካ አቶሙም ሁለተኛው መንገድ ተከፍቶ ሳይጠብቀው መነሣት የለበትም። ስለ እህሉ የምጽፈውን ሁሉ ለጊዜው ረሳሁት።

ስልኩ ጮኸ። ድምፁን ከፍ አድርጋ ጠረጴዛው ላይ አኖረችው። ንግግሩ በእንግሊዝኛ ነበር፤ ወደ አማርኛ የመለስኩት እኔ ነኝ።

"የትኛው ብርሃን ይቀድማል?" አለ ፈታኙ።

"ካሮው" አለች።

አመለጣት። ፈታኙ ምን ማለት እንደሆነ ሲጠይቃት ማምለጫ አልነበራትምና በሩንም፣ ጆንያውንም፣ ፍየሎቹንም አንድ በአንድ አስረዳችው። ባለ ሻይዋ መስመሩ የተቋረጠ መስሏት ስልኩን ከፍ አድርጋ ያዘችው።

"ጥሩ" አለ በመጨረሻ። "ግን ጆንያው ወደ ጋሪው ሲተላለፍ ለአፍታም ቢሆን በሩ ላይ ይገኛል። አቶሙስ?"

ምሳሌው እኔን አሳምኖኝ ነበር።

"አቶሙ አይገኝም" አለች። "ምሳሌዬ እዚህ ላይ ያበቃል። ሁለቱ ብርሃኖች አብረው ሲበሩ አቶሙ የአንደኛውና የሦስተኛው ድብልቅ ይሆናል። ወደ መካከለኛው የሚገፉት ሁለት ግፊቶች እርስ በርስ ይጠፋፋሉ። ሁለተኛውን ብርሃን ቀስ እያልን ስናደክም፣ የመጀመሪያውን ስናበረታ፣ ድብልቁ ራሱ ወደ ሦስተኛው ያደላል። መካከለኛው ባዶውን ይቀራል።"

"ብትቸኩዪስ?"

"መካከለኛው ላይ ይወጣል። ያኔ እናጣዋለን።"

ፈታኙ ሌላም ጠየቃት፤ ያን አልተከታተልኩትም። እጇን እያየሁ ነበር። አየር ላይ የሚወርድና የሚወጣ ኩርባ ትስል ነበር፣ ሰውዬው የሚያያት ይመስል። ከዚያ አንድ ዓረፍተ ነገር ተናገረና ተሰናበታት።

ስልኩ ተዘግቷል። እሷ ወደ እኔ ዞረች።

"እርስዎ ጋዜጠኛ ነዎት። እሱ ያለውን ሳይጨምሩ ሳይቀንሱ ይንገሩኝ።"

"ከሚቀጥለው ሴሚስተር ጀምሮ ተማሪያችን ነሽ አለሽ።"

"ቃል በቃል?"

"ቃል በቃል።"

"ምን አለ? ምን አለ?" አለች ባለ ሻይዋ፣ የተዘጋውን ስልክ አሁንም ከፍ አድርጋ እንደያዘች። ወጣቷ በትግርኛ ልትነግራት ጀመረች፣ አልቻለችም። የቀረውን እኔ በአማርኛ ጨረስኩላት።