ከእጅ አንጓ እስከ አናት፦ ቡታጅራ ደርሶ መልስ

ከአየር ጤና የተሳፈርኩት ገና ሳይነጋ ነው። ጭኔ ላይ ባቀፍኩት ሻንጣ የአንጎልን ሞገድ የሚለካ ቆብ አለ፤ ሳይወጋ፣ ከቆዳ በላይ ሆኖ የእጅ አንጓ ነርቭን በቀላል ኤሌክትሪክ የሚነካ መሣሪያም አለ። የምሄደው ቡታጅራ፣ እትዬ ረድያ ዘንድ ነው። ስትሮክ ከመታቸው ወዲህ ቀኝ እጃቸው በድን ሆኗል። የእጃቸው ንክኪ አንጎላቸው እንደማይደርስ ምርመራዬ ካሳየ ሐኪማቸው የእጅ ልምምዱን ሊያስቆሙት ነው።

ጥያ ላይ ጉም መንገዱን ውጦት ነበር። ሾፌሩ ቀስ ብሎ ሲነዳ እኔ በእንቅልፍና በንቃት መሃል ተንሳፈፍኩ፤ ቡኢን መቼ እንዳለፍን አላውቅም። ስነቃ ፀሐይ ወጥታ፣ ግራና ቀኝ እንሰቱ ያብረቀርቃል። ያለ ምክንያት ደስ አለኝ።

ቡታጅራ፣ ረፋድ

«አሰላሙ አለይኩም፣ ግባ ልጄ!» አሉኝ እትዬ ረድያ። ቅቤ በግንባራቸው ይወርዳል።

ልጃቸው ሰሚራ ኮራ ብላ፣ «ራስ ይመረመራል ስትሉ እናቴን በደረቅ ፀጉር አላቀርባትም ብዬ ለጋ ቅቤ ቀባኋት» አለችኝ።

ምን ልበል! ቅቤ ኤሌክትሪክ አያሳልፍም። ስነግራት በሳቅ ፍርስ አለችና ውሃ አሞቀች። ፀጉራቸው ታጥቦ እስኪደርቅ ቆጮ በአይብ ቀረበልኝ፤ ሥራዬን እስክረሳ በላሁ።

ቆቡን አጥልቄላቸው ነርቩን መንካት ስጀምር አውራ ጣታቸው ብድግ ብድግ አለች። ስክሪኑ ላይ ወዲያው ትልቅ ጉብታ ተነሳ። ሰሚራ እልልታዋን አቀለጠችው።

«ቆይ እህቴ፣ ይሄ የመሣሪያው የራሱ ኤሌክትሪክ ነው። የእናትሽ መልስ ከኋላው ነው የሚመጣው፤ ያውም ካለ።»

የአንጎል መልስ ትንሽ ስለሆነ ደጋግሞ ነክቶ መልሶቹን አንድ ላይ መደመር ያስፈልጋል። እትዬ ረድያ አሸለቡ። ሞገዳቸው ረጋ ብሎ ሰፋ፤ ሕልማቸው ደጃፍ ላይ የቆምኩ መሰለኝ። ከጉብታው ኋላ ግን መስመሩ ዝርግ ነው። ፈራሁ። ቆይቶ አንዲት ትንሽ ጉብታ ብቅ አለች፣ ጠፋች፣ ተመለሰች። እንደገና ከመጀመሪያው ለካሁ። እዚያው ቦታዋ ላይ ነች።

ሲነቁ፣ «እትዬ፣ አንጎልዎ እጅዎን ይሰማል» አልኳቸው።

«ይድናል?»

«እሱን መሣሪያው አያውቅም።»

ከዚያ በግራ እጃቸው ቀኙን አንስተው መዳፌ ላይ አኖሩት። «እንግዲያው በዚህች እጄ ልሰናበትህ» አሉኝ። እንባዬን መያዝ አቃተኝ።

አዲስ አበባ፣ ማታ

ይህ ጉዞ ቀድሞ የሚታየውን እንደ መልስ አለመቁጠር አስተምሮኛል። ውጤቱን ለሐኪማቸው ላክሁ። «ልምምዱን ይቀጥሉ» አሉኝ። ወዲያው ሰሚራ ጋ ደወልኩ። እስክጨርስ እንኳ አልጠበቀችኝም፤ ስልኩን ሳትዘጋ ወደ ጓዳ ስትሮጥ ሰማኋት።

«እማዬ፣ ተነሺ! ልምምድ አለብሽ!»