ጠርሙሱ የማያልፍበት አልጋ

«እየው ልጄ፣ አያልፍም!» አሉኝ አናጢው ጋሽ አህመዲን ዛሬ ጠዋት፣ የለስላሳ ጠርሙስ በሕፃን አልጋው ርብራቦች መሃል ሊያስገቡ እየታገሉ።

እንዲህ ያዘዝኳቸው እኔ ነኝ። የሕፃን ጭንቅላት እንዳይገባበት ርብራቡ ይጠጋጋ፣ ልጃችን ጥርስ ስታወጣ ስለምትግጠው ቀለም አይቀባ ብዬ።

ገለምሶ ሰንብተው ስለመጡ ልጃችን ሞታ መወለዷን አልሰሙም። በቺሮ ሰፈራችን ወሬ ያልደረሰው እሳቸው ብቻ ሳይሆኑ አይቀሩም።

ስነግራቸው ጠርሙሱን ቀስ ብለው መሬት አስቀመጡ። «ኢና ሊላሂ... እዚሁ ይቀመጥ፣ ወላሂ አልሸጠውም።» ይህን እያሉም እጃቸው የአልጋውን ጠርዝ ይዳስሳል፤ ስንጥር ይፈልጋል።

ጎረቤቶቻችን «ሳይወለድ አልጋ አይታዘዝም» ብለውን ነበር። ለቅሶ ሲመጡ አልደገሙትም፤ ዓይናቸው ግን ይደግመዋል። አልጋ ልጅ አይገድልም፣ ጎበዝ!

ባለቤቴ ጋ ደወልኩ። «አምጣው» አለችኝ።

የባጃጁ ሹፌር አልጋውን ሲያይ ፊቱ በራ። «እንኳን ማርያም ማረቻት!»

«አሜን» አልኩት። እሷንስ ምራልኛለች።

አሁን አልጋው መኝታ ቤታችን ነው፤ ባለቤቴ ያዘጋጀችውን ብርድ ልብስ አንጥፋበታለች። ባዶ አልጋ ቤታችሁ የገባ ወላጆች ካላችሁ እስቲ ንገሩኝ፤ የት አስቀመጣችሁት?