ግንባራችን ቦሌ ነበር

የዘመቻው ትእዛዝ የደረሰን ጎህ ሳይቀድ ነው። ስንቃችንን አንጠልጥለን ካሚዮን ላይ ወጣን። ሁላችንም ወደ ምሥራቅ ጦር ግንባር የምንሄድ መስሎን ነበር። ካሚዮኑ ግን ቦሌ አውሮፕላን ማረፊያ፣ የዕቃ መጋዘኖቹ አጠገብ አራገፈን። አዛዣችን አንድ ትልቅ ክሬን በጣቱ አሳይቶ «ግንባራችሁ ይኼ ነው» አለን።

ልጆቼ፣ ጦር ሜዳ ሲባል ተራራና ምሽግ ብቻ ይመስላችኋል። እኛ አንድም ጥይት ሳንተኩስ ጦርነቱን ተሸክመናል። መድፍና የጥይት ሣጥን ከመኪና አንሥተን አውሮፕላን ሆድ ውስጥ እናስገባለን። አውሮፕላኑ ይሄዳል፤ ሲመለስ ቁስለኛ ይዞ ይመጣል። ያኔ መንገድ እንለቃለን።

እኔ አሥር አለቃ ነበርኩ። የክሬን ሥራ ማንም አላስተማረኝም። ከመሣሪያው ጋር የመጣው መጽሐፍ በሩሲያኛ ስለሆነ ሌላው ገልጦ ይዘጋው ነበር፤ እኔ ሥዕሉን ብቻ እያየሁ የሽቦ ገመድ አስተሳሰሩን፣ ሚዛን አጠባበቁን፣ ሁሉንም አወቅሁት። መሐንዲሶች ሳይቀሩ እየመጡ ይጠይቁኝ ነበር። ይህ እውነት ነው፤ እውነቱን ለምን እደብቃለሁ?

መጽሐፉ ክሬን ነጂውን በእጅ ምልክት ስለማዘዝም ያሳያል። ክንድ ወደ ላይ ከሆነ አንሣ፣ መዳፍ ወደ ታች ከሆነ አውርድ ነው። አንድ ቀን ለጓዶቼ አሳየኋቸው። ከእኔ ጋር ገመድ የሚያስረው ተሰማ ሳቀብኝ።

«ፕሮፌሰር፣ እኛ ዲዳ ነን እንዴ? አፍ እያለን እስክስታ እንውረድ?»

ሁሉም ሳቁ፤ እኔም ሳቅሁ። የእኛ ቋንቋ አጭር ነበር። «በለው!» ካልን ክሬኑ ያነሣል፤ «ልቀቅ!» ካልን ያወርዳል። ነጂው አምሳ አለቃ ዘውዴ ከወንበሩ ሆኖ የጭነቱን ማዶ ስለማያይ የሚሠራው በጆሮው ነው። ጥሩ ጆሮ ነበረው።

ያን ዕለት ጠዋት የቀረን አንድ መድፍ ነበር። እሱ እንደተጫነ ተሰማ ቤቱ ደርሶ እንዲመለስ ፈቃድ ተሰጥቶታል። ቤቱ ላምበረት ነው፤ በእግር የሚደረስበት። ነገር ግን የት እንዳለን ለቤተሰብ መንገር ክልክል ስለነበር ሚስቱን ካያት ወራት አልፈዋል። ጢሙን ተላጭቶ ያጣድፈን ጀመር።

«ቶሎ በሉ እንጂ! ሰው ሚስት አለው!»

«የምታውቅህ ከሆነ ነዋ!» አለው ዘውዴ ከላይ።

መድፉን አነሣነው። አጋደለ። መልሰን መኪናው ላይ አሳረፍነው። ተሰማ ገመዱን ሊያስተካክል በመድፉ ጎማና በመኪናው ጎን መካከል ገባ። እኔ በወዲህኛው በኩል ነበርኩ።

ከኋላችን ለመሳፈር የተሰለፉ ሚሊሺያዎች ነበሩ። አንዱ ከሰልፉ ወጥቶ መሸለል ጀመረ። ድምፁ ያምር ነበር። ሰልፈኛው እንደ ወጉ ተቀበለው።

«በለው! በለው!»

ዘውዴ አነሣ።

መድፉ ተወዛወዘ። ጎማው ተሰማን ከመኪናው ጎን ጋር አጣበቀው። «ልቀቅ!» ብዬ ጮህኩ፤ ሽለላው ድምፄን ዋጠው። ዘውዴ ወደሚያየኝ ቦታ ሮጬ መዳፌን ወደ ታች አርገበገብኩ። ገባውና አወረደ። ተሰማ ተንሸራቶ እጄ ላይ ወደቀ።

«ቀስ አድርገህ ያዘኝ» አለኝ።

ለቁስለኞች በተዘጋጀ ቃሬዛ አነሣነው። ከቃሬዛው ሳይወርድ አረፈ።

መድፉ ከቀትር በፊት ሄደ። ሚሊሺያዎቹም ሄዱ። ዘውዴ ከወንበሩ አልወርድ ብሎ እዚያው ቀረ። አልወቀስኩትም፤ የሰማው የራሳችንን ቃል ነው። ከማግስቱ ጀምሮ በእጅ ምልክት እንድንሠራ አደረግሁ፤ የሳቀ የለም። ከዚያ ወዲያ ከክፍላችን ሰው አልተጎዳም፤ ይህን ማንም አይነሣኝም። ዳሩ ግን ትክክል ሆኖ መገኘት እንዲህ አፍ ውስጥ እንደሚመር አላውቅም ነበር።

ጦርነቱ አብቅቶ የሞተው ሲቆጠር ከእኛ ክፍል አንድ ሰው ሆነ። መርዶ የተነገረው ያኔ ነው። በማለዳ ከሽማግሎች ጋር ላምበረት ሄድኩ። ሚስቱ አስካለ ብዙ አለቀሰች፤ ከዚያ የወታደር ልብሴን አይታ እኔን ጠየቀችኝ።

«የት ግንባር ነው የወደቀው?»

ጅጅጋ ብላት ይቀላት ይሆናል ብዬ አሰብኩ። አልቻልኩም።

«ቦሌ» አልኳት።

«የቱ ቦሌ?»

«ይኼው ቦሌ።»

ለቅሶዋ ቆመ።

«አውሮፕላን በዚህ ባለፈ ቁጥር ደጅ ወጥቼ ቆሜ እሸኝ ነበር» አለች። «እሱ ወዳለበት የሚሄድ እየመሰለኝ።»

እነዚያን አውሮፕላኖች የጫናቸው እሱ መሆኑን ነገርኳት።