አባቴ የተንበረከከበት ቀን

ዛሬ ታክሲ ውስጥ አጠገቤ የተቀመጡት እናት ቅርንፉድ ያኝኩ ነበር። ሽታው ሳላስበው ወደ ልጅነቴ ቡራዩ መለሰኝ፤ እናቴ በታመመው ጥርሴ ቅርንፉድ ወዳስነከሰችኝ ቀን።

ዘጠኝ ዓመቴ ነበር። ቁጡው አባቴ ባጠፋሁ ቁጥር፣ "ጥርስ ሐኪም ዘንድ ወስጄ ሁሉንም ነው የማስነቅልሽ!" ይለኝ ስለነበር፣ ጥርሴን ሲያመኝ ሳምንት ሙሉ ደበቅሁ። ጉንጬ አብጦ እናቴ ያወቀች ዕለት ከተማው በማስተር ፕላኑ ተቃውሞ ታውኮ፣ መንገዱ ሁሉ ተዘግቶ ነበር። አባቴ አዝሎኝ ወደ ክሊኒክ በእግሩ ወጣ።

ድልድዩ ጋ ወታደሮች አስቆሙን።

"ተንበርከክ!" አለው አንዱ።

አባቴ እኔን እንዳዘለ ጠጠሩ ላይ ተንበረከከ። ያ ቤት የሚያናውጠው ድምፁ ጠፍቶ፣ "ልጄን ጥርሷን አሟት ነው፣ ጌታዬ" አለ። ጀርባው ሲንቀጠቀጥ በደረቴ ይሰማኝ ነበር።

ብዙ አቆይተው ለቀቁን። ክሊኒክ ውስጥ ጥርሴ ሲነቀል እኔ አላለቀስኩም፤ ያለቀሰው እሱ ነው። ሐኪሙ፣ "እስካሁን ለምን ሳያመጧት ቆዩ?" ሲለው፣ "ያስፈራራኋት እኔ ነኝ" አለ።

ስለ ወታደሮቹ የሚያወራ መስሎኝ፣ "አይ አባዬ፣ እነሱ ናቸው እንጂ" አልኩት። ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ።

ከዚያ ወዲህ ጮኾብኝ አያውቅም። መጀመሪያ ደስ ብሎኝ ነበር። እያደግሁ ስሄድ ግን በማንም ላይ፣ ሲበደል እንኳ፣ ድምፁን እንደማያነሳ አየሁ። ምነው አንዴ በተቆጣ እያልኩ ስመኝ፣ ባለፈው ዓመት ቀበርነው።