ሰዒድን የደበቅንበት ሰሞን

ልጅ ሳለሁ፣ በጅቡቲ መንገድ ዳር ባለችው ሰርዶ፣ ተረት የምንሰማው ከእማዬ ምግብ ቤት ጓሮ ነበር። ፀሐይ አዘቅዝቃ ሙቀቱ ረገብ ሲል ጎረቤታችን አባባ ሁመድ ይመጣሉ፤ ግመሎቻቸውን ለልጆቻቸው የተዉ የአፋር ሽማግሌ ነበሩ። ከሰሉ ፍም ዳር ተቀምጠው፣ ሻያቸውን ይዘው፣ ጅብን ያናግራሉ፣ ቀበሮን ያስምላሉ፤ ውሸታቸው ለጉድ ነው። የጅቡቲ መኪና እያጓራ ሲያልፍ ዝም ይሉና አቧራው ሲበርድ ካቆሙበት ይቀጥላሉ። ያኔ ዘጠኝ ዓመቴ ነበር። ከሳቸው የተማርኩት ነገር ቢኖር ውሸት ማሳመር ነው።

ያን ሰሞን ግን ልቤ ተረቱ ላይ አልነበረም። ጓዳ ውስጥ ዓመት ያልሞላው ወንድሜ ሰዒድ ታሞ ተኝቷል፤ መኖሩን ደግሞ ማንም ማወቅ የለበትም። የመጀመሪያውን ክትባት የተወጋ ጊዜ ትኩሳት ይዞት ሲያለቅስ አድሮ ነበርና እማዬ ወላሂ ሁለተኛ አላስወጋውም ብላ ማለች። የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ ዘሃራ ቤት ለቤት ስትዞር፣ ልጁን ወሎ አያቱ ዘንድ ልኬዋለሁ አለቻት። ተቅማጥ ሲይዘው እንግዲህ እንዴት ታውጣው? ጥርስ ሊያወጣ ነው አለች። ውሃ ያባብስበታል ብላም ከለከለችው፤ ከንፈሩን ብቻ በእርጥብ ጨርቅ ትነካካለታለች።

በታመመ በሦስተኛው ቀን ጠዋት ዘሃራ ቧንቧ ዳር አገኘችኝና ሰዒድ እንዴት ነው ብላ ጠየቀችኝ። እኔ ጉደኛዋ፣ ወፍሯል፣ አያቴ ወተት ታጠጣዋለች፣ ድክ ድክ ማለት ጀምሯል ብዬ አሳመርኩላት። ደስ ብሏት ሄደች። ቤት ስገባ ዓይኑ ጎድጉዷል፤ ሊያለቅስ ቢሞክር ድምፅም እንባም የለውም። ፈራሁ፣ በጣም ፈራሁ፤ ግን የእማዬን ፊት አይቼ ዘሃራን ልጠራት አልወጣሁም።

በዚያው ቀን አመሻሽ ላይ፣ ፋኖሱ ገና እየተለኮሰ፣ ዘሃራ በጓሮው በኩል መጣች። አፋሮች ሲገናኙ ዳጉ ይጠያየቃሉ፤ ምን አየህ፣ ምን ሰማህ ይባባላሉ። ተረት ላይ እንደ ልብ ይቀጠላል፤ ዳጉ ላይ ግን መጨመርም መደበቅም ነውር ነው። እሷም እንደ ወጉ አጠገባቸው ቁጭ ብላ አባባ ሁመድን ጠየቀቻቸው። እማዬ ጭልፋዋን እንደያዘች በዓይኗ ለመነቻቸው። እንደ ልጃቸው ነበር የሚወዷት። አንገታቸውን ደፍተው ስለ ግጦሹ ተናገሩ፣ ስለ ወንዙ ተናገሩ፣ መንገድ ላይ ስለተገለበጠው መኪና ተናገሩ።

«ከዚህ ቤት ጓዳ የሕፃን ልቅሶ ስሰማ ሰንብቻለሁ» አሉ በመጨረሻ። «ዛሬ ግን አልሰማሁም።»

ዘሃራ ተነስታ ጓዳ ገባች። ለተቅማጥ የሚሰጠውን ዱቄት ከቦርሳዋ አውጥታ ፈልቶ በቀዘቀዘ ውሃ በጠበጠችና በማንኪያ ታጠጣው ጀመር። ሰዒድ ማንኪያውን በድዱ ነክሶ አልለቅም አለ። እማዬ ያን ስታይ መሬት ላይ ቁጭ ብላ አለቀሰች፤ ለካ ልጇ ሦስት ቀን ሙሉ ተጠምቶ ነው። ወዲያው በመኪና ጤና ጣቢያ ወሰዱት። አልሐምዱሊላህ፣ ተረፈ።

እማዬ ግን አባባ ሁመድን ጉዴን አወጡት ብላ ለብዙ ጊዜ አኮረፈቻቸው። በኋላ በኋላ ሻያቸውን ራሷ ታቀርብላቸው ጀመር፤ ይቅርታ የሚለው ቃል ብቻ አልወጣትም። እሳቸውም ተረታቸውን ቀጠሉ፤ እንደ ድሮው መሳቅ ያቃተኝ እኔ ነኝ።

ሰዒድ ዛሬ የልጆች አባት ነው። ነገሩ በተነሳ ቁጥር እየሳቀ «እማዬ፣ ልትገድይኝ ነበር እኮ» ይላታል፤ እሷም አንገቷን ትደፋለች። እኔ አጠገባቸው ቁጭ ብዬ እሰማለሁ። በዚያ ጠዋት ዘሃራ መጀመሪያ የጠየቀችው እኔን እንደነበር እስከ ዛሬ አልነገርኳቸውም።