ሰዓቱን የጨረሰው ካፒቴን

በዳላስ ኤርፖርት፣ የበረራ ሠራተኞች ማረፊያ ክፍል ውስጥ፣ ከቡና ማሽኑ አጠገብ ያለችው ወንበር የእሱ ናት። ስሙ ደረቱ ላይ ተለጥፏል፤ አንብቦት የሚያውቅ ግን የለም። እኛ አስተናጋጆቹ «ለቃሚው» ነው የምንለው፤ የራሱን በረራ ጨርሶ የሌላውን ሲለቅም ስለሚውል። ሸሚዙ እንደተተኮሰ ነው፤ የሻንጣው እጀታ ግን በፕላስተር ተጠቅልሏል። ባልደረባው ታመመ ሲባል ፊቱ እንደ ሙሽራ ይበራል።

ዛሬ ሕጉ ያዘው። አብራሪ በወር ከተፈቀደለት ሰዓት በላይ አይበርም፤ እሱ ደግሞ ወሩ ሳያልቅ ሰዓቱን ጨርሶታል። ያም ሆኖ በረራ የምትመድበውን ሴትዮ ደውሎ ይለማመጣታል፤ ስልኩን ድምፅ ማጉያ ላይ ስላደረገው ሁላችንም እንሰማለን።

«ራሞናዬ፣ የታመመ አብራሪ የለም?»

«አንድ አለ። አሁን እያናገርኩት ነው።»

«አንዲት አጭር በረራ ብቻ።»

«ካፒቴን፣ ስምህን ሳስገባ ኮምፒውተሩ ራሱ ይስቃል። ሂድና ቤትህ ተኛ።»

ኮፍያውን አንስቶ ወጣ። ተገላገልነው ብዬ ነበር። ወደ ታልሳ በምንበርበት አውሮፕላን ውስጥ ግን የመጨረሻው ረድፍ ላይ ተቀምጦ አገኘሁት። ባዶ ወንበር ካለ አብራሪ በነፃ ይሳፈራል፤ ተሳፋሪ ሆኖ መብረርን የሚከለክል ሕግ ደግሞ የለም።

«ታልሳ ምን አለህ?»

«ምንም። በዚሁ አውሮፕላን እመለሳለሁ።»

«ቤት የሚጠብቅህ ሰው የለም እንዴ?»

«አለች እንጂ» አለኝና ቀበቶውን አጠበቀ።