ለገብስ የሚሆን መሬት

አያቴ በክረምት ያዩትን ቦታ በበጋ ደግመው ሳያዩ አያመሰግኑም ነበር። እህቴ ዐጋሚም በሚባለው ሰፈር ቤት ስትገዛ እንኳ፣ «በሁለቱም ካላየሁት» ብለው ስድስት ወር አስጠብቀዋታል።

አንድ ክረምት ከምንኖርበት ከተማ ከናታንያ ተነሥተን ሄርሞን ተራራ ላይ፣ የአንድ ሞሻቭ፣ የገበሬዎች የኅብረት መንደር፣ ሰዎች ወደሚያካሂዱት ትንሽ የበረዶ መንሸራተቻ ወሰድኳቸው። ሰው ሁሉ እየወደቀ ሲስቅ፣ እሳቸው ጋቢያቸውን ተከናንበው ቆሙ።

«አባባ፣ ሼሌጉ አያምርም?» አልኳቸው በረዶውን እያሳየሁ።

«ያምራል። ግን ልብሱ ነው፤ ገላውን መች አየሁት?»

በጋ ሲመጣ ካልወሰድሽኝ ብለው ያዙኝ።

«አሁን እኮ ሼሌግ የለም!» ብዬ ጮኽኩ።

«ለዚሁ ነዋ ልጄ!»

ሄድን። ወደ ላይ በሚያወጣው፣ በገመድ በተንጠለጠለው ወንበር ከዘራቸውን ጭናቸው ላይ አጋድመው ወጡ። ላይ ስንደርስ አፈሩን በከዘራቸው ጫር ጫር አደረጉና ቆንጥረው በጣታቸው አሹት፤ አሸተቱትም።

«ለገብስ ይሆናል» አሉ። ሦስት ሰዓት የነዳሁት ለዚህች ቃል ነበር።

ዘንድሮ በክረምት ቀበርናቸው። ዝናቡ ከባድ ነበር፤ ከጃንጥላው ሥር ሆኜ ምንም አላየሁም። የመኪናዬ የፊት ወንበር ለከዘራቸው ብዬ ወደ ኋላ እንደሳብኩት ነው። ማንም እንዲመልሰው አልፈቅድም።

በበጋ ተመልሼ ወደ መቃብሩ ሄድኩ። ከጎኑ አፈር ቆንጥሬ እንደሳቸው በጣቴ አሸሁት።

«አባባ» አልኳቸው፣ «አሸዋ ነው፤ ለገብስ አይሆንም። በሁለቱም አየሁት፤ አላመሰግነውም።»